የሚሼል ፕላቲኒን የተጫዋችነት ዘመን ከሙሉ ጨዋታዎቹ እንዴት ማጥናት ይቻላል

ሚሼል ፕላቲኒ ሲባል በርካታ ወጣት የእግር ኳስ ወዳጆች የሚያስታውሱት ከ2007 ጀምሮ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበርን በፕሬዚዳንትነት የመራውን፣ በ2015 ከእግር ኳስ ሥራ የታገደውንና ጉዳዩ ለዓመታት በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ሲታይ ቆይቶ በ2022፣ በኋላም በይግባኝ በ2025 ነጻ የተባለውን ሰው ነው። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ በመሆኑ እዚህ አናነሳውም። መመሪያው የሚመለከተው ከ1972 እስከ 1987 ድረስ ለናንሲ፣ ለሴንት ኤቲየን፣ ለዩቬንቱስና ለፈረንሳይ ብሔራዊ ቡድን የተጫወተውን አጥቂ አማካይ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ከሱ በኋላ የመጡትን 10 ቁጥር ለባሾች በሙሉ በትክክል ለመመዘን የሚፈልግ ሰው በቅድሚያ ይህን ተጫዋች በሚገባ ማየት ይኖርበታል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር የግቦቹን ቅንጭብጭብ ምስሎች መመልከት ፕላቲኒን ለማወቅ እንደማይበቃ ነው። በእነዚያ ምስሎች ላይ የሚታየው ኳሱ መረብ ሲነካ ነው፤ ፕላቲኒን ልዩ ያደረገው ግን ኳሱ እግሩ ላይ ከመድረሱ በፊት ባሉት ሁለትና ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ያደርገው የነበረው ነገር ነው። እጅግ ፈጣን ሯጭ አልነበረም፤ በጉልበቱም ተከላካይን የሚገፋ አልነበረም። በወጣትነቱ የሜስ ክለብ ሊያስፈርመው አስቦ የሳንባ አቅም ምርመራ ሲያደርግለት ውጤቱ ደካማ ሆኖ በመገኘቱ ሳይቀበለው ቀርቷል። እንዲህ ያለ አካል ያለው ሰው በዘመኑ እጅግ ከባድ የነበረውን የጣልያን ሊግ በተከታታይ ለሦስት ጊዜ በኮከብ ግብ አግቢነት የጨረሰው ሜዳውን አስቀድሞ የማንበብ ችሎታ ስለነበረው ነው፤ ይህ ደግሞ የሚታየው በሙሉ ጨዋታ ብቻ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልግዎት

አንድ ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃሉ። የዓለም ዋንጫ ጨዋታዎቹን ሙሉ ቅጂ የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በራሱ የኢንተርኔት መድረክ ላይ አስቀምጧቸው ስለነበር ፍለጋዎን ከዚያ ይጀምሩ። የኢንተርኔት ወጪው የሚከብድዎ ከሆነ ከብዙ ጨዋታዎች ጥቂት ጥቂቱን ከማየት ይልቅ አንዱን ጨዋታ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ማየት እጅግ የተሻለ ነው።

በደብተርዎ ላይ ሜዳውን በአራት ማዕዘን ይሣሉና በቁመቱ በሦስት ይክፈሉት። ፕላቲኒ ኳስ በተቀበለ ቁጥር የተቀበለበትን ቦታ በነጥብ፣ የሰጠበትን አቅጣጫ በቀስት ያመልክቱ። ከነጥቡ አጠገብ በአንድ ንክኪ ሰጥቶ ከሆነ አንድ ሰረዝ፣ ኳሱን አቁሞ ከሆነ ሁለት ሰረዝ ያድርጉ። ከ45 ደቂቃ በኋላ በሥዕሉ ላይ የሚያዩት ነገር ያስደንቅዎታል፤ ነጥቦቹ እንደ አጥቂ በግቡ ፊት የተሰበሰቡ ሳይሆኑ አብዛኞቹ ከሜዳው መሃል አካባቢ፣ አንዳንዶቹም ከራሱ ተከላካዮች ፊት የተበተኑ ናቸው። ይህ ሰው ከዚያ ርቀት ተነሥቶ ነው ያን ሁሉ ግብ ያስቆጠረው።

የዚያን ዘመን ቀረጻ ሲመለከቱ የቴሌቪዥን ካሜራው ኳሱን ብቻ ስለሚከተል ፕላቲኒ ለረጅም ጊዜ ከምስሉ ሊሰወር ይችላል። በዚህ ተስፋ አይቁረጡ፤ ከየት በኩል ወደ ምስሉ እንደሚገባ፣ ሲገባ እየሮጠ ወይስ ቆሞ እንደሆነ፣ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ይመዝግቡ። አንገቱን ወደ ኋላ ዞር አድርጎ የሚመለከትበትን ቅጽበት ሲያገኙ ምስሉን አቁመው፣ በዚያች ቅጽበት የቡድን ጓደኞቹ የት የት እንደቆሙ ይዩ፤ ከዚያ ወዲያ የሚሰጠው ኳስ ወዴት እንደሚሄድ ገምተው ምስሉን ይልቀቁት። ይህን ልምምድ ደጋግሞ የሠራ ሰው በተለይ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥን ከሆነ፣ ለልጆቹ «ቀና በል» ብሎ ከመጮህ የበለጠ የሚያሳያቸው ነገር ያገኛል።

ሕጉም እንደዛሬው እንዳልነበረ ማስታወስ ይገባል። ግብ ጠባቂ ከጓደኛው በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ መያዝ የተከለከለው በ1992 ስለሆነ በጨዋታዎቹ ውስጥ ዛሬ አሰልቺ የሚመስሉ ረጅም ጊዜያት አሉ። ከኋላ የሚሰነዘር ሸርተቴም እንደ ዛሬው በቀይ ካርድ አይቀጣም ነበር፤ ፕላቲኒ ኳሱን ቶሎ የሚለቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ናንሲና የቅጣት ምቱ

ፕላቲኒ ሰኔ 21 ቀን 1955 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው የዦፍ ከተማ፣ ከጣልያን ስደተኞች ከተገኘ ቤተሰብ ተወለደ። በናንሲ ከ1972 እስከ 1979 በሊግ ብቻ 181 ጨዋታ አድርጎ 98 ግብ አስቆጥሯል፤ በ1978 የፈረንሳይ ዋንጫ ፍጻሜም ናንሲ ኒስን 1ለ0 ሲያሸንፍ ግቧን ያገባው እሱ ነው። ከዚህ ዘመን የተረፉት ሙሉ ቅጂዎች ጥቂት ስለሆኑ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ እንዲያተኩሩ እመክራለሁ፤ እሱም የቅጣት ምቱ ነው።

በናንሲ ሳለ ከልምምድ በኋላ የሰው ቅርጽ ያላቸው መሰናክሎችን በግድግዳ መልክ አቁሞ ከክለቡ ግብ ጠባቂ ጋር ሳይታክት ይለማመድ ነበር። መጋቢት 27 ቀን 1976 ለብሔራዊ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ከቼኮዝሎቫኪያ ጋር 2ለ2 በተለያዩበት ጨዋታ ያስቆጠራት ግብ ከቅጣት ምት የተገኘች ናት። በየካቲት 1978 ደግሞ በኔፕልስ ከተማ ፈረንሳይ ከጣልያን ጋር 2ለ2 ስትለያይ ታላቁን ግብ ጠባቂ ዲኖ ዞፍን ያሸነፈው በዚሁ መንገድ ነበር። ኅዳር 18 ቀን 1981 ፓሪስ ላይ ኔዘርላንድስን 2ለ0 አሸንፈው ወደ ስፔኑ የዓለም ዋንጫ ለማለፍ ሲቃረቡ የመጀመሪያዋ ግብ እንደገና የፕላቲኒ ቅጣት ምት ነች። ሦስቱን ምቶች ለየብቻ ከማየት ይልቅ አከታትለው ይመልከቷቸው። ወደ ኳሱ የሚሮጠው ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ ጉልበት አይጠቀምም፤ ኳሱን በእግሩ የውስጥ ጎን ጠምዝዞ ግድግዳውን አሻግሮ ያወርደዋል። በሚመለከቱበት ጊዜ ዓይንዎን ከኳሱ ላይ አንሥተው ግብ ጠባቂው ላይ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ኳሱ ከመመታቱ በፊት ግብ ጠባቂው በየትኛው እግሩ ላይ እንደተደገፈ ማየት ምቱ ለምን እንደገባ አብዛኛውን ጊዜ ይነግርዎታል።

በሴንት ኤቲየን ያሳለፋቸውን ሦስት ዓመታት (104 የሊግ ጨዋታ፣ 58 ግብ፣ የ1981 የፈረንሳይ ሊግ ሻምፒዮንነት) ለጊዜው ዘልለው ወደ ሴቪያ ይሂዱ።

ሴቪያ፣ ሐምሌ 8 ቀን 1982

የፈረንሳይና የምዕራብ ጀርመን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ከሁሉ በፊት ሙሉውን መታየት ያለበት ነው፤ ተጨማሪ ሰዓቱን ጨምሮ። ሊትባርስኪ ለጀርመን ካስቆጠረ በኋላ ፕላቲኒ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ በተጨማሪ ሰዓት ትሬዞርና ዢሬስ አስቆጥረው ፈረንሳይ 3ለ1 መራች፤ ሩመኒገና ፊሸር ግን 3ለ3 አደረጉት፤ በመለያ ምትም ጀርመን 5ለ4 አሸነፈች። በዓለም ዋንጫ ታሪክ በመለያ ምት የተወሰነ የመጀመሪያው ጨዋታ ይህ ነው።

በዚህ ጨዋታ ላይ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግብ ጠባቂው ሹማኸር ተቀይሮ የገባውን ባቲስቶንን ገጭቶ የጣለበትን አሳዛኝ ቅጽበት ነው። ዳኛው ጥፋት አላሉትም፤ ባቲስቶን በቃሬዛ ሲወጣ ፕላቲኒ አጠገቡ ሲሄድ ይታያል። እኔ የምለምንዎ ምስሉን ወደ ኋላ መልሰው ባቲስቶንን ከጀርመን ተከላካዮች ጀርባ ብቻውን ያስገባውን ኳስ እንዲያዩ ነው። ኳሱን የሰጠው ፕላቲኒ ነው። ያ ኳስ የተሰጠው ባቲስቶን ለነበረበት ቦታ ሳይሆን ገና ወደሚደርስበት ቦታ ነበር፤ ግጭቱ ባይከተለው ኖሮ ከዘመኑ ውብ ቅብብሎች አንዱ ተደርጎ ይታወስ ነበር።

በዚህ ጨዋታ ሌላው ሊጠና የሚገባው የአማካዮቹ አሰላለፍ ነው። አሰልጣኙ ሚሼል ኢዳልጎ ፕላቲኒን፣ ዢሬስን፣ ዠንጊኒንና ቲጋናን በአንድነት አሰልፎ ነበር፤ በ1984 የዠንጊኒን ቦታ ሉዊ ፈርናንዴዝ ይዞ አራቱ «አስማተኛው አራት ማዕዘን» የሚል ስም አገኙ። ፕላቲኒ ወደፊት ሲሄድ ቦታውን የሚሞላው ማን እንደሆነ በየጊዜው ይመዝግቡ። ብዙውን ጊዜ ቲጋናን ያገኛሉ።

ቱሪን፤ ቁጥሩን በጥንቃቄ ማንበብ

ፕላቲኒ በ1982 ክረምት ወደ ቱሪኑ ክለብ ዩቬንቱስ ሲሄድ የጣልያን ክለቦች ሁለት የውጭ ዜጋ ብቻ ማሰለፍ ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ ከፖላንዱ ቦኒየክ ጋር ለእሱም ቦታ ለመክፈት አየርላንዳዊው ሊያም ብሬዲ ክለቡን ለቀቀ። በጆቫኒ ትራፓቶኒ የሚሠለጥነው ቡድን በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ከሆኑት ጣልያናውያን ስድስቱን የያዘ ነበር፤ ፕላቲኒ ከአራት ዓመት በፊት በኔፕልስ ያሸነፈው ዞፍም አንዱ ነው።

በቱሪን ያስቆጠራቸውን የሊግ ግቦች በየዓመቱ ለይተው በደብተርዎ ይጻፉ፦ 16፣ 20፣ 18፣ 12፣ 2። ድምሩ በ147 ጨዋታ 68 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ሦስት የኮከብ ግብ አግቢነት ሽልማት አስገኝተውለታል፤ በአውሮፓ ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ይሰጥ የነበረውን ባሎንዶርም በ1983፣ በ1984ና በ1985 ተከታትሎ አግኝቷል፤ ከእሱ በፊት ሽልማቱን ሦስት ዓመት በተከታታይ የወሰደ ተጫዋች አልነበረም። ሰዎች ግቦቹን ሲቆጥሩ አንዳንዶች ሊጉን ብቻ፣ ሌሎች የጣልያንንና የአውሮፓን ዋንጫዎች ጨምረው ስለሚያቀርቡ ሁለት የተለያየ ድምር ቢያገኙ አይደናገጡ፤ መጀመሪያ የትኛው ውድድር እንደተቆጠረ ይጠይቁ።

ከቁጥሩ ይልቅ ለጥናት የሚጠቅመው ከጀርባው የነበረው አደረጃጀት ነው። የሳን ማሪኖው ተወላጅ ማሲሞ ቦኒኒ ለፕላቲኒ ይሮጥለት ነበር ማለት ይቻላል፤ ፕላቲኒ ኳስ ሲያጣ ወደ ኳሱ የሚሮጠው ቦኒኒ ነው። በአንድ የዩቬንቱስ ጨዋታ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ፕላቲኒን ትተው ቦኒኒን ብቻ ይከተሉ። አንድ ታላቅ አጥቂ አማካይ ነጻ ሆኖ እንዲጫወት ስንት ሰው እንደሚደክም ያኔ ይገባዎታል፤ ስለ ቦኒኒ ድካም የሚጻፈው ከሚገባው በታች መሆኑንም ያያሉ።

ሰኔ 1984

የመመሪያው ዋና ክፍል ይህ ነው፤ ጊዜ ያለው ሰው ሌላውን ሁሉ ቢተው እንኳ ይህን መተው የለበትም። ፈረንሳይ ባዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫ አምበሉ ፕላቲኒ በአምስት ጨዋታ ዘጠኝ ግብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ በጠቅላላው ያስቆጠረው 14 ነበር። አጥቂ ሳይሆን አማካይ መሆኑን ሲያስቡት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል።

አምስቱን ጨዋታዎች በቅደም ተከተላቸው ይመልከቱ። ዴንማርክን 1ለ0 ያሸነፉበት የመክፈቻው ጨዋታ አስቸጋሪ ነበር፤ ፕላቲኒ በ78ኛው ደቂቃ እስኪያገባ ድረስ በጥብቅ ተይዞ ነበርና ከእስሩ ለመውጣት ወዴት ወዴት እንደሚሄድ ማየት ትምህርት ነው። ናንት ላይ ቤልጂየምን 5ለ0 ሲያሸንፉ ሦስት ግብ አገባ። በሦስተኛው ጨዋታ ሰኔ 19 ቀን ሴንት ኤቲየን ላይ፣ በቀድሞ ሜዳው፣ ዩጎዝላቪያን 3ለ2 ሲረቱ ሦስቱንም ያስቆጠረው እሱ ነው፤ በ59ኛው፣ በ62ኛውና በ77ኛው ደቂቃ። የመጀመሪያዋ በግራ እግሩ፣ ሁለተኛዋ ወደ ፊት ተወርውሮ በግንባሩ፣ ሦስተኛዋ በቀኝ እግሩ በቅጣት ምት ነች። እዚህ ላይ ግቦቹን ሳይሆን ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ግቦች በፊት ያሉትን አሥር አሥር ሰከንዶች ይመርምሩ። በሁለቱም ፕላቲኒ ወደ ቅጣት ክልሉ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ተከላካዮቹ አጥቂዎቹን ለመያዝ ከተሰበሰቡ በኋላ ከኋላቸው ይደርሳል። አጥቂ አማካይ ለሚሆን ልጅ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

ሰኔ 23 ቀን ማርሴይ ላይ ከፖርቱጋል ጋር የተደረገው ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳያል። በተጨማሪ ሰዓት ፖርቱጋል 2ለ1 ስትመራ ተከላካዩ ዶሜርግ አቻ አደረገ፤ በ119ኛው ደቂቃ ቲጋና በቀኝ በኩል ኳስ እየገፋ ገብቶ ወደ መሃል መለሰለት። ሌላ ተጫዋች በዚያ ድካም ኳሱን እንደመጣ ይመታው ነበር። ፕላቲኒ አቆመው፤ በተከላካዮች ተከብቦ ሳለ ለራሱ ቦታ ካገኘ በኋላ ወደ ላይ አድርጎ መታው። ምስሉን ቀስ አድርገው ቢያዩት ኳሱን ለማቆም የወሰደው ጊዜ ምን ያህል አጭር፣ ውሳኔው ግን ምን ያህል የረጋ እንደነበር ይረዳሉ።

በፍጻሜው ስፔንን 2ለ0 ሲያሸንፉ ያስቆጠራት ቅጣት ምት ከደካማ ምቶቹ አንዷ ነች፤ ግብ ጠባቂው አርኮናዳ ከያዛት በኋላ ከሥሩ ሾልካ ገባች። የቅጣት ምቱን ጥበብ ለማጥናት ይህችን ምሳሌ አይውሰዱ።

ብራስልስና ቶኪዮ

ግንቦት 29 ቀን 1985 በብራስልስ ሄይሰል ስታዲየም ዩቬንቱስ ከሊቨርፑል ጋር ባደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በተመልካቾች መካከል በተነሣ ጥቃትና ግንብ መደርመስ 39 ሰዎች ሞቱ። ጨዋታው ተደርጎ ዩቬንቱስ በፕላቲኒ ፍጹም ቅጣት ምት 1ለ0 አሸነፈ። ይህን ጨዋታ ለቴክኒክ ጥናት አይጠቀሙበት፤ የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ያንብቡ፤ ከጨዋታው የሚማሩት የለም።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 8 ቀን ቶኪዮ ላይ ከአርጀንቲኖስ ጁኒየርስ ጋር 2ለ2 ተለያይተው በመለያ ምት ያሸነፉበት የአህጉራት ዋንጫ ግን በእርጋታ ሊታይ ይገባዋል። ፕላቲኒ በፍጹም ቅጣት ምት አንድ አገባ፤ ለሚካኤል ላውድሩፕ በሁለተኛዋ ግብ ያቀበለው ኳስ በሴቪያ ለባቲስቶን የሰጠውን ይመስላልና ሁለቱን ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። አንዲት እጅግ ያማረች ግብ ዳኛው ሲሽርበት ክርክር ሳይገጥም በሣሩ ላይ በጎኑ ተጋድሞ ራሱን በእጁ ደግፎ ሲመለከት የሚታየው በዚህ ጨዋታ ነው። የመጨረሻዋን የመለያ ምትም እሱ አስቆጥሮ ዋንጫው ተወሰነ።

የማብቂያው ዘመን

የሜክሲኮውን የዓለም ዋንጫ ሲመለከቱ ፕላቲኒ ጤነኛ እንዳልነበረ ይወቁ፤ የእግሩ ጅማት ሕመም ነበረበት። የሚሮጠው ከ1984 ያነሰ ነው፤ የሚቆመውም ወደ ኋላ ሳብ ብሎ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1986 ጓዳላሃራ ላይ፣ 31ኛ ዓመቱን በሞላበት ቀን፣ ካሬካ ለብራዚል ካስቆጠረ በኋላ ከቀኝ የተሻገረችውን ኳስ በግቡ አጠገብ ደርሶባት አቻ አደረገ። ይህችም ዘግይቶ የመድረስ ግብ ነች፤ በሴንት ኤቲየን ካስቆጠራቸው ጋር ያስተያዩአት። በመለያ ምት ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ሰደደ፤ ሆኖም ፈረንሳይ 4ለ3 አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜው ምዕራብ ጀርመን እንደገና አሸነፈቻቸው፤ በዚህ ጊዜ 2ለ0።

በ1986/87 የውድድር ዘመን በሊጉ ሁለት ግብ ብቻ አስቆጥሮ ገና 32 ዓመት ሳይሞላው ጫማውን ሰቀለ። በብሔራዊ ቡድን 72 ጊዜ ተሰልፎ 41 ግብ አስቆጥሯል፤ ይህን ክብረ ወሰን ቲየሪ ኦንሪ የሰበረው በ2007 ነው። የመጨረሻውን የውድድር ዘመን ጨዋታዎች ካገኙ የነጥብ ሥዕሉን እንደገና ይሥሩና በ1984 ከሠሩት ጋር ያነጻጽሩ፤ ነጥቦቹ ወደ ራሱ ግብ ምን ያህል እንደቀረቡ፣ ወደ ቅጣት ክልል ስንት ጊዜ እንደገባ ይቁጠሩ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ካወቁ በኋላ ወደ ሴቪያው ጨዋታ ይመለሱና ፕላቲኒን ትተው፣ ቁመቱ አጭር የነበረውን አላን ዢሬስን ከመጀመሪያው ደቂቃ እስከ መጨረሻው በተመሳሳይ ነጥብና ቀስት ይከተሉ።